ትርጉም ቤት ስትመርጡ፦ ስምን የሚሰማ ወይስ አይቶ የሚገለብጥ?

የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ቅጹ ብዙም አያስቸግርም፤ ቃላቱ የታወቁ ናቸው። ትርጉም ቤት የሚፈተነው በስም ነው። ጥሩው ገና ወረቀቱን ሲቀበል «ፓስፖርት አለ?» ይላል፤ ከሌለ ባለቤቱን ስሙን አስጠርቶ ይሰማል። ደካማው ወረቀቱን እያየ ፊደል በፊደል ይለውጣል። ለመክፈል የሚገባው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ምክንያቱን ታደሰ በሚለው ስም ማየት ይቻላል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ታደሰ ስንል የሚጠብቀው «ደ» ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ግን ብዙ ሰው ዲን ሳይሆን ኤስን ይደግማል። ተሰማም እንደዚሁ ነው፤ የሚጠብቀው «ማ» ሆኖ ሳለ የሚደገመው ኤስ ነው። ስህተት ቢመስልም የፈረንሳይኛ ልማድ ነው። በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባ ነጠላ ኤስ «ዝ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ ታደሰ «ታደዘ» እንዳይሆን ኤሱ ይደገማል። ለእኛ ጆሮ ባለ አንድ ኤሱም ባለ ሁለት ኤሱም አንድ ስም ናቸው። ለቲኬትና ለቪዛ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ሳድስም ያስቸግራል። ከብርሃኑ «ብ» ቀጥሎ አንዱ የላቲኑን ኢ (E) ሌላው አይ (I) ያስገባል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ምንም አናባቢ አያስገባም። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአባት ስም ደግሞ በዓለም አትሌቲክስ መዝገብ አንድ ቃል ሆኖ፣ «ረ» ያለ አናባቢ በአር ብቻ ተጽፏል። ወረቀት አይቶ የሚገለብጥ ሰው እዚህ አጻጻፍ ላይ በምንም መንገድ አይደርስም።

ለጥ፣ ለጽ እና ለጭ ጭረት ወይም ነጥብ የሚጨምር ተርጓሚ ካጋጠማችሁ እንዲያወጣው ጠይቁ። ለቋንቋ ጥናት ተገቢ ነው፤ ለሰነድ ግን አይሆንም። በፓስፖርቱ ግርጌ ያሉት በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። የሚቀበሉትም ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ፊደላት፣ ቁጥሮችንና የመሙያ ምልክት ብቻ ነው።

በጣም ጠንቃቃ ተርጓሚ የሚያስፈልገው የኦሮምኛ ስም ላይ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሚጻፍ «ጭ» በሲ፣ «ቅ» በኪው፣ «ጥ» በኤክስ ይወከላል፤ ረጅም አናባቢም ይደገማል። ስለዚህ የጫላ ትምህርት ማስረጃ በሲ ጀምሮ ሁለቱንም ኤዎች ደግሞ ሊጽፍ ይችላል፤ ፓስፖርቱ ደግሞ በሲኤች ጀምሮ አንድ አንድ ኤ ብቻ ይዞ ይገኛል። ሁለቱ የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን ቁቤ የማያውቅ ተርጓሚ አይረዳም። ጎበዙ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያስቀድምና የማስረጃውን በቅንፍ ያስከትላል።

ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ሰነድ ወደ አማርኛ ሲዞር ችግሩ ይገለበጣል። ኃይለ እና ኃይሌ በላቲን አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ ኢ የተባለችው ፊደል ግዕዙንም ኃምሱንም ትሸከማለችና። ዓለም በዓይኑ «ዐ» ይሁን በአልፋው «አ»፣ ሐና በሐመሩ ይሁን በሃሌታው፣ ከድምፁ አይታወቅም። እዚህ ላይ የወላጅን የአማርኛ መታወቂያ ያልጠየቀ ተርጓሚ እየገመተ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ፓስፖርቱን አዘጋጁ፤ ከሌለ ቀድሞ ውጭ አገር የተላከውን ሰነድ ያዙ። የሁሉንም ስም በትልልቅ የላቲን ፊደል በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ረቂቁ ታትሞ ሲመጣ ቃል በቃል ሳይሆን ፊደል በፊደል ከያዛችሁት ሰነድ ጋር አስተያዩት፤ ገብረ ሥላሴን የመሰለ ስም ተለያይቶ ነው ወይስ ተያይዞ የተጻፈው? ክፍተቱም ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ከማኅተም በፊት ጨርሱ፤ ሰነዱ ከተረጋገጠ በኋላ አንዲት ፊደል ለማረም ትርጉሙም ማረጋገጫውም እንደገና ይሠራል። ረቂቅ የማያሳይ ቤት ዋጋው ቢቀንስም አንመክረውም። ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚያልፈው ደግሞ የእናት ስም ነው፤ በልጁ ፓስፖርት ላይ ስለሌለ የሚያመሳክረው የለም። የእሷን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ቅጂ አብራችሁ ያዙ።