9 ኪሎ ክንድ በ60 ኪሎ መቆሚያ ላይ፦ የ14 ወር ልምዴ

ተንቀሳቃሽ የመለኪያ ክንድ ከገዛሁ 14 ወር ሆኖኛል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሡኝ ያለ ጥፋታቸው ተፈርዶባቸው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር የተጣሉ ሦስት የጊርቦክስ አካላት ናቸው።

መሣሪያውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ስድስት መገጣጠሚያ ያለውና በእጅ የሚመራ ክንድ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ኳስ በሚለካው ዕቃ ላይ ሲያሳርፏት፣ በየመገጣጠሚያው ውስጥ ያሉት ኢንኮደሮች ያነበቡትን ማዕዘን ኮምፒዩተሩ ከቱቦዎቹ ርዝመት ጋር አዋህዶ ነጥቡ የት እንዳለ ያሰላል። ሻጩ በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ «9 ኪሎ ብቻ!» ሲለኝ አልዋሸኝም። ቱቦዎቹ የተሠሩበት ካርቦን ፋይበር ከአሉሚኒየም በእጅጉ የቀለለ ነው፤ በሙቀትም ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ቱቦ እንዳይጎብጥ የሚያደርገው ከግድግዳው ውፍረት ይልቅ የዙሪያው ስፋት ስለሆነ፣ ሰፊና ስስ አድርገው ሠርተውታል። በዚህ በኩል ንድፍ አውጪዎቹን ከማመስገን በቀር የምለው የለኝም። ሶፍትዌሩም ባትሪውም ደህና ናቸው።

ችግሩ የታየው አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ያሉ ሁለት ቀዳዳዎችን ርቀት ስንለካ ነው። ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር፣ የሚፈቀደው ልዩነት 0.05 ነበር፤ ክንዱ ግን 0.08 ይበልጣል አለ። ሦስቱን ጣልናቸው። አራተኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተጠራጥሮ በግራናይት ጠረጴዛ ላይ ወደ ተተከለው ትልቅ የመለኪያ ማሽን ወሰደው፤ ልዩነቱ 0.01 ብቻ ሆኖ ተገኘ።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ሙቀትን ነበር፤ ለጥርጣሬዬም ምክንያት ነበረኝ። አንድ ሜትር ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 11.5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ይረዝማል፤ ልኬት በዓለም አቀፍ ደንብ የሚነገረው በ20 ዲግሪ ስለሆነ፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነ 1.2 ሜትር የሆነ ዕቃ ወደ 0.07 ሚሊሜትር ይረዝማል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሙቀትን ሳሳድድ ከረምሁ፤ ዕቃውን ክፍሉ ውስጥ አሳደርሁት፣ መስኮት ዘጋሁ፣ መብራት አጠፋሁ፤ ምንም አልተለወጠም። እውነቱን የገለጠው አንድ ቀን ረዳቴ እንደ እኔ ከታችኛው ቀዳዳ ሳይሆን ከላይኛው መጀመሩ ነው፤ በእሱ ልኬት ርቀቱ ረዝሞ ሳይሆን አጥሮ ተገኘ። ሙቀት ደግሞ ከየትኛው ቀዳዳ እንደተጀመረ አይመርጥም።

ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አምጥቼ ጫፉን ከባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ በአንዱ እግር አናት ላይ አሳረፍሁ። ክንዱን ወደ ዕቃው ስዘረጋው መርፌው ተንቀሳቀሰ፤ ይህስ ይጠበቃል። ያስደነገጠኝ ግን ከዚያም በኋላ አለመቆሙ ነው፤ ለብዙ ደቂቃ በዝግታ መውረዱን ቀጠለ። በእግሮቹ ሥር ያለው ጎማ ክብደቱን ተሸክሞ ቀስ በቀስ ይጨመቅ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ያ እግር ከሌሎቹ ሁለት እግሮች መስመር 60 ሴንቲሜትር ይርቃል። 0.03 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት ያነሰ፣ ቢሰምጥ በ1.5 ሜትር ርቀት ያለው የክንዱ ጫፍ 0.075 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ኢንኮደሮቹ የሚያውቁት ከመሠረቱ በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ዕቃው ከፍ ያለ ይመስለዋል፤ ማስጠንቀቂያም አያሰማም። ስለዚህ ቀጥሎ የተለካው የላይኛው ቀዳዳ ከቦታው ሽቅብ የወጣ መስሎ ርቀቱ ይረዝማል፤ ከላይ ሲጀመር ደግሞ በተቃራኒው ያጥራል።

ሻጩ አጠገቤ ቢሆን «መመሪያው ጽኑ መሠረት ላይ ይተከል ይላል» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ይላል። ነገር ግን ጎማ እግር ያለውን መቆሚያ ከክንዱ ጋር አጣምሮ የሸጠልኝ እሱ ራሱ ነው። «ክንዱ እጅ ላይ አይከብድም» ብሎም አሞካሽቶልኝ ነበር፤ እጅ ላይ የማይከብደው በትከሻው መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ስለሚደግፈው ነው። ያ ክብደት የትም አልጠፋም፤ ወደ መቆሚያው ወርዷል። ቅሬታዬ ይኸው ነው፦ ለቱቦው ይህን ያህል የተጨነቀ ንድፍ ክንዱ ከመቆሚያው ጋር በሚታሰርበት ብሎን ላይ ያበቃል።

አሁን ጎማውን ጥዬ፣ በብረት ሹል የሚቆምና 60 ኪሎ የሚመዝን መቆሚያ አስበይጄለታለሁ። ሁለት ሰው በጋሪ ይገፋዋል፤ ክንዱን እኔ በትከሻዬ እይዛለሁ፤ የሚያዩን ሁሉ ይስቃሉ። ዕቃው ትልቅ ሲሆን ደግሞ ክንዱን በማግኔት መሠረት እዚያው ዕቃው ላይ እተክለዋለሁ፤ ቢንቀሳቀሱ እንኳ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ልኬት ስጀምርና ስጨርስ አንዲት የማትነቃነቅ ኳስ እነካለሁ፤ ሁለቱ ንባቦች ከ0.02 በላይ ከተለያዩ ሁሉንም ሰርዤ እንደገና እጀምራለሁ።

ተጸጽቻለሁ ወይ? የእነዚያ ሦስት ዕቃዎች ነገር በተገለጠበት ቀን ገዢ ቢመጣልኝ ክንዱን ባገኘሁት ዋጋ እሸጠው ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ ከባድ ዕቃ ከፍሬዛው (ብረት ከሚቆርጠው ማሽን) ሳይወርድ በሃያ ደቂቃ ለክተን፣ ስህተቱን እዚያው አርመን ቀጠልን። አውርዶ መልሶ ማሰሩ ግማሽ ቀን ይወስድብን ነበርና ያን ቀን የሸጠልኝን ሰው መረቅሁት።

ይኸው ሰው በዚህ ሳምንት ደውሎ በ2 ኪሎ የቀለለ አዲስ ሞዴል መምጣቱን ነገረኝ። እግሩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና ከሥሩ ምን እንዳለ ጠየቅሁት፤ አጣርቶ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶ ስልኩን ዘጋ።