ቀዩ መብራት ሲበራ፦ ከአሮጌ አምፕሊፋየር ጋር ስምንት ወር

ያገለገለ ስቴሪዮ ፓወር አምፕ (ድምፅ አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልክ አምፕሊፋየር) ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ድምፁን ወድጄዋለሁ፣ ክብደቱን አልወደድኩትም። ዛሬ የምጽፈው ግን ፊቱ ላይ ስላሉት ትንንሽ መብራቶች ነው፤ መመሪያ ስላልነበረው ትርጉማቸውን የተማርኩት እየደነገጥኩ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን ሳበራው ቀዩ «ፕሮቴክት» (የመከላከያ መብራት) ቦግ አለ። በቃ ተበላሁ አልኩ። ሦስት አራት ሰከንድ ቆይቶ ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና መብራቱ ጠፋ። ለካ ጤነኛ ነው! ሲነሳ ውስጡ እስኪረጋጋ ድረስ ስፒከሮቹን ለይቶ ያቆያል፣ ቀጭ የሚለው ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲያገናኛቸው ነው። አሁን የምደነግጠው ያ ድምፅ ሲቀር ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ቀረ። ዘፈን መሃል ቀዩ በራ፣ አጥፍቼ ባበራውም አልጠፋ አለ። ከሶኬት ነቅዬ የስፒከር ገመዶቹን በሙሉ ፈታሁና ባዶውን አበራሁት። ቀጭ፣ ጠፋ። ባዶውን ከጠፋ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ውጭ ነው፣ ወይ ገመዱ ወይ ስፒከሩ። ባዶውንም በርቶ ከቀረ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው፤ ትራንዚስተር ተቃጥሎ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ወደ ስፒከሩ ሊለቅ ሲል ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ስጡት እንጂ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ክፍሎች) ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። የእኔው? በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ ሳይ ከቀዩ ማሰሪያ ያፈነገጠች ፀጉር የምታክል የመዳብ ክር ጥቁሩን ነክታለች። ያን ሁሉ ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

ሁለተኛው ጊዜ ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር ሁለት ሁለቱን በአንድ ቻናል በትይዩ አሰርኩ፣ ይህ 2 ኦም ይሆናል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ከ4 በታች እንዳይወርድ ተጽፏል። እጅ እስኪያቃጥል ጋለና ራሱን ዘጋ። ሲቀዘቅዝ ተመለሰ፣ አመስጋኝ ነኝ።

ሰው ሁሉ ፕሮቴክትን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው «ክሊፕ»ን ነው። ከበሮው ሲመታ አልፎ አልፎ ብልጭ ካለ ችግር የለውም። ሳይጠፋ ከቆየ ግን አምፑ አቅሙ አልቋል፣ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ እየወጣ ነው፣ ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የሚጠበሰውም ያኔ ነው። እኔ አንዱን ጠብሻለሁ። ደግሞ ይህ መብራት የሚናገረው ስለ ራሱ ስለ አምፑ ብቻ ነው፤ ከሚክሰር (ድምፆችን ከሚቀላቅለው መሣሪያ) ተቆርጦ የመጣ ድምፅ ከሆነ ክሊፑ ዝም ብሎ ስፒከሩ ሊቃጠል ይችላል።

አረንጓዴው «ሲግናል» ቀላል ነው። እሱ እየበራ ድምፅ ከሌለ ወደ ስፒከሩ በኩል፣ እሱም ካልበራ ወደ ምንጩ በኩል ፈልጉ።

ልትገዙ ከሆነ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙ። ስፒከርም ሙዚቃም ሳይኖር ዲሲ ላይ አድርጋችሁ የስፒከር መውጫውን ለኩ። የእኔ ግራው 12፣ ቀኙ 18 ሚሊ ቮልት ነው፤ እስከ 50 ድረስ ብዙም አያሳስብም። ሻጩ «ፕሮቴክቱ እንዲሁ ይበራል እንጂ ምንም የለውም» ካላችሁ ዕቃውን መልሱለት።

የቀረኝ ቅሬታ ፋኑ ነው። ዝግ ባለ ዘፈን መሃል ሲያፏጭ ይሰማል፣ አቧራውን ባራግፍለትም አልተወም።