የሞተር ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ለሚያፈስባችሁ፦ ጅማ ያሉ አንድ ላሜራ ሠሪ ልጠቁማችሁ

ጅማና ዙሪያዋ ሞተር የምትነዱ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። በተለይ አሮጌ ያማሃ ወይም ሆንዳ ይዛችሁ፣ በቆመችበት ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አጂፕ አካባቢ አንድ ላሜራ ሠሪ አሉ። ሊጣል የደረሰ የነዳጅ ሰልባትዮ ነው ያዳኑልኝ። በአደባባይ ላመሰግንዎት ነው ስላቸው "ለሰው ንገርልኝ፣ ስልኬን ግን ኢንተርኔት ላይ እንዳትለጥፍ" አሉ። ስለዚህ ስማቸውንም ስልካቸውንም እዚህ አልጽፍም። ሰፈሩ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሞተሬ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። የግብርና ባለሙያዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ገጠር ለገጠር ሲነዷት የምታውቋት፣ ከፊትም ከኋላም እቃ መጫኛ ያላት፣ ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነላት። ከጨረታ ነው የገዛኋት። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ሰልባትዮዋ ግን ከታች ላብ ላብ ይላት ጀመር፣ ቆይቶም ጠብ ጠብ። ሪዘርቭ (መጠባበቂያው ቤንዚን) ላይ ሳዞራት ደግሞ ትንሽ ሄዳ ትጠፋለች። ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡራተር ታጠበ፣ ያው ነው።

አንድ ጋራዥ ቀለሙን ፍቆ ኮላ ለጠፈበት። ኮላው ብዙም ሳይቆይ ተላጠ። ሌላው ቦታ ቤንዚኑን ገልብጦ እዚያው በዚያው ሊበይደው ተነሳ። እሱን ትቼው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሲብስብኝ የልብስ ደረቅ ሳሙና እያሸሁበት ነበር የምደርሰው። ብታምኑም ባታምኑም ይሠራል። ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም። ውሃ ግን ያሟሟል፣ ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። አንድ ዶፍ ሲመጣ ሳሙናውም አብሮ ይሄዳል።

ጋሼ ዘንድ ስደርስ ስለ ቀዳዳው አልጠየቁኝም። "ክረምት ላይ ስታቆማት ቤንዚን ሞልተህ ነው ወይስ አጉድለህ?" አሉኝ። አጉድዬ ነው አልኳቸው፤ ማን ሞልቶ ያቆማል በዚህ የቤንዚን ዋጋ። ከዚያ ሰልባትዮውን አውርደው፣ ቤንዚኑን ጀሪካን ውስጥ አንቆርቁረው፣ በባትሪ ወደ ውስጥ አሳዩኝ። ወለሉ ቡኒ ሆኗል። በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን ያንኳኳሉ፣ እኔን ስማ ይሉኛል። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ደፈን ያለ። ደፈን ባለው ላይ የካቻቢቴውን ጫፍ ትንሽ ጫን ሲያደርጉት በሳው። በእኔ ዓይን ቀዳዳው አንድ ነበር። እሳቸው አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በጠመኔ ከበቡበት።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ እስከዛሬ የተበላሸብኝ ሁሉ ተገጣጠመልኝ። የሞተር ሰልባትዮ እንደ ኮርቻ ነው፣ የመሃሉን ብረት ተፈናጦ ግራና ቀኝ ይወርዳል። የቤንዚን መክፈቻው ያለው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። ጎደሎ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው አየር ማታ ሲበርድ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ስለዚህ ይወርድና ታች ይተኛል። መክፈቻ የሌለበት ጎን ያለው ውሃ መውጫ የለውም፣ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። መክፈቻው ባለበት ጎን ደግሞ የዋናው መሳቢያ ቱቦ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ዝገቱን አይነካውም። ሪዘርቭ ግን ከሥር ነው የሚስበው፣ ዝቃጩን ይዞ ወደ ካርቡራተር ይወርዳል፣ ጂግለሩን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ፣ ይደፍናል። ለካ በየጊዜው ካርቡራተር የማሳጥበው የሰልባትዮ በሽታ ይዤ ነው።

እዚህ ጋ ስለ ብየዳ ትንሽ ልበል፣ ጋሼን የወደድኳቸው በዚህ ነውና። ቤንዚኑ የተገለበጠ ሰልባትዮ ባዶ አይደለም። የሚፈነዳው እንፋሎቱ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ለመያዝ የሚበቃ ነው፣ ከአየርም ስለሚከብድ ክዳኑን ከፍታችሁ ብታቆሙት በቀላሉ አይወጣም። ጋሼ አንድም የእሳት ሥራ ሳይጀምሩ በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግመው አጠቡት፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ደጅ አሳደሩት፣ እንደገና አጠቡት። ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን ደግሞ የሚበየደውን ቦታ ብቻ አስቀርተው ሰልባትዮውን ውሃ ሞልተው ነው የሚሠሩት፣ እንፋሎት የሚጠራቀምበት ቦታ እንዳይኖር። "ቸኩያለሁ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ "እንግዲያው ሌላ ቦታ" ይሉታል። ስቆም አንዱን ሲመልሱት አይቻለሁ። ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነበር።

የውስጡን ዝገት በአቼቶ ነው ያወረዱት። ሞልተው አሳደሩት፣ ከዚያ አንድ እፍኝ አሮጌ ዳዶ ጨምረው ወዲያና ወዲህ ናጡት። የወጣው ውሃ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። አሲዱ እንዳይቀር ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠ ውሃ አለቀለቁት፣ ወዲያው በሞቀ አየር አደረቁት። ወዲያው የምለው በምክንያት ነው። በአቼቶ የጸዳ እርጥብ ብረት እያያችሁት ነው ተመልሶ የሚዝገው።

የተበላውን ወለል በላሜራ መቀስ ቆርጠው አወጡት። ግራይንደር አላስነሱም፣ ብልጭታ አይፈልጉም። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አዲስ ላሜራ በመዶሻ ቅርጹን አስይዘው፣ ነጥብ ነጥብ አድርገው ያዙት፣ ከዚያ በጋዝና በኦክሲጅን፣ በነሐስ ዘንግ ዙሪያውን ሞሉት። በኤሌክትሪክ ለምን አይሆንም ብዬ ጠይቄ ነበር። ስስ ላሜራ በኤሌክትሪክ ሲነካ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን አጠገቡ ሌላ ትከፍታለህ አሉኝ። ነሐሱ ግን ብረቱን ሳያቀልጥ በስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል።

ፍተሻው ራሱ የሚታይ ነገር ነው። መውጫውን ሁሉ ደፍነው፣ በብስክሌት ፓምፕ ትንሽ አየር ሰጥተው፣ የሳሙና አረፋ ቀቡት። ኮምፕረሰር አጠገባቸው አለ፣ ለዚህ ሥራ አይነኩትም፣ ስስ ሰልባትዮ ያሳብጣል ብለው። አንድ ቦታ አረፋው ኩፍ አለ፣ ያንን መልሰው ሠሩት። በመጨረሻ ቤንዚን ሞልተው ካርቶን ላይ አሳደሩት። ውሃ ያላለፈበትን ቀዳዳ ቤንዚን ያልፍበታል፣ እሱ ካልመሰከረ አላስረክብም አሉ። ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠብም አላለች፣ ሪዘርቭ ላይም አትጠፋም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ሥራዎትን ብቻ ሳይሆን ቆሜ እንዳይ መፍቀድዎትንም ነው የማመሰግነው። ብዙ ቤት ደንበኛ ሲጠጋ ፊት ይጠቁራል።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። ነገ ካሉ ከነገ ወዲያ ነው፣ ስልክም አያነሱም። ቀለም ቀቢም አይደሉም። የተበየደው ቦታ ላይ ዝገት መከላከያ ቀብተው ይሰጧችኋል፣ ከዚያ በኋላ ስቱኮና ቀለም ሌላ ሰው ጋ ነው። እኔ እስካሁን አላስቀባሁም፣ ከታች ስለሆነ ማንም አያየውም። የፕላስቲክ ሰልባትዮ አይቀበሉም።

ሁሉንም ሥራ አይይዙም። እኔ እያለሁ አንድ የባጃጅ ቦክሰር ሞተርሳይክል ባለቤት የተላላጠ ሰልባትዮ ይዞ መጣ። ስፌቱ ዙሪያውን ተበልቷል። ጋሼ ገልብጠው አዩት፣ "የዚህ አዲሱ ገበያ ላይ ሞልቷል፣ እኔ የማስከፍልህ ወደዚያው ይጠጋል፣ ሂድ ግዛ" ብለው መለሱት። የእኔ ዓይነት አሮጌ ሞተር ሲሆን ግን አዲስ ማግኘት ራሱ መከራ ነው፣ የተጠየቅኩትም ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ለጋሼ የከፈልኩት የዚያን ሲሶ አይሞላም። አዲስ አበባ ሰው ልካችሁ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ልታስገዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈሉ በፊት ውስጡን በባትሪ ይይ፣ ሥሩንም ያንኳኳ። ከላይ አዲስ ቀለም የተቀባውን በተለይ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። አርብ ከጁምዓ በፊት አትሂዱ፣ ዝግ ነው። ሰልባትዮውን ከነክዳኑና ከነቁልፉ ውሰዱ፣ የክዳኑን ጎማም ያዩላችኋል። የእኔው ተሰነጣጥቆ ዝናብ የሚገባው በዚያ በኩልም ነበር። ቤንዚኑን ቤታችሁ ገልብጣችሁ ሂዱ፣ ደጃቸው ላይ ቤንዚን የያዘ ሰው ሲያዩ ይቆጣሉ። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ጨርሳችሁ ግቡ።