‹‹በ50ውም ስቴት የሚሠራ የሽጉጥ ፈቃድ›› የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ፣ ከቴክሳስ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ብቻ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ ልትዛወሩ ያሰባችሁና ቤታችሁ ሕጋዊ መሣሪያ ያላችሁ ወገኖች፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ አትላኩ። በቴሌግራም በአማርኛ የሚተዋወቅ አንድ ‹‹የዝውውር ጥቅል›› አለ። በአንድ ዋጋ ሦስት ነገር እንሰጣለን ይላሉ። አንደኛው በ50ውም ስቴት የሚሠራ የመታጠቂያ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የአዲሱን ስቴት ምዝገባ ማስጨረስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መሣሪያውን ከድሮው ቤት ተረክቦ አዲሱ ቤት ማድረስ። ዋጋው 390 ዶላር። የመጀመሪያው ብላሽ ነው። ሁለተኛውን፣ ሜሪላንድ ከሆነ፣ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ በ15 ዶላር ትጨርሱታላችሁ። ሦስተኛው እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል።

የገዛው የአክስቴ ልጅ ነው። አሌክሳንድሪያ ሲኖር ማደያ ውስጥ ሌሊት ይሠራ ስለነበር ሽጉጥ ገዛ፤ ሠልጥኖ የቨርጂኒያ ፈቃዱንም ከፍርድ ቤት አወጣ። ሁሉም በሕጉ መሠረት ነው። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ሲያገኝ ‹‹የሜሪላንድ ሕግ ከባድ ነው›› የሚለውን ወሬ ሰማና እነዚህን ሰዎች አገኘ።

የላኩለትን ካርድ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ሥራው ያምራል፣ አይካድም። ወፍራም ፕላስቲክ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ንስር፣ ፎቶው፣ ባር ኮድ፣ ከላይ በትልቁ ‹‹ናሽናል›› የሚል ጽሑፍ። ጀርባውን ስታዞሩት ደግሞ ዓይን በሚያሳምም ትንሽ ፊደል ካርዱ የሥልጠና ማስታወሻ እንጂ የመንግሥት ፈቃድ እንዳልሆነ ይናገራል። ይቺን መስመር የጻፏት ነገ ሲከሰሱ ‹‹ነግረነው ነበር›› ለማለት ነው። ሥልጠና የሚሉት እንግዲህ የግማሽ ሰዓት ቪዲዮና ስትሳሳት ድጋሚ የሚያስሞክር ፈተና ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለተራ ሰው የሚሰጥ የፌዴራል የመታጠቂያ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ሰው ከመንጃ ፈቃድ ጋር ያመሳስለዋል፤ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ካሊፎርኒያ ድረስ ይነዳል፣ ሽጉጡስ ለምን አይሆንም ይላል። አገር ቤት ለምደነው ይሆናል። እዚያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ በፈረንጆቹ) አንድ ነው፤ ከጎንደር ተነስተህ አዲስ አበባ ብትገባ አዋጁ ያው ነው። እዚህ ግን ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገረውን ድልድይ ስታልፍ ሕጉ ሌላ ነው። ሜሪላንድ የየትኛውንም ስቴት የመታጠቂያ ፈቃድ አትቀበልም። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ያወጣው እውነተኛው ፈቃድ እንኳ እዚያ ዋጋ የለውም። እውነተኛው ካልሠራ የፕላስቲኩ ንስር ከየት አምጥቶ ይሠራል?

ሻጮቹ ይህን ስትጠይቋቸው መልስ አያጡም። ‹‹ወንድሜ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ፈቅዶልናል እኮ›› ይላሉ። ውሳኔው እውነት አለ፤ ከኒው ዮርክ የተነሳ ክርክር ነበር። ያለው ግን ስቴቶች ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው ‹‹ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት አምጣ›› እያሉ መከልከል አይችሉም ነው። ፈቃድ ራሱን አላስቀረም። ሜሪላንድም ‹‹በቂ ምክንያት›› የሚለውን ጥያቄ ተወችና ሌላውን ይዛ ቀጠለች። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቆ መንቀሳቀስ የፈለገ ሰው የ16 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ለስቴቱ ፖሊስ ያመለክታል። ያለ ፈቃድ ታጥቆ የተገኘ በመጀመሪያ ጥፋቱም እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ያንን ካርድ አምኖ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አድርጎ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቢቆም፣ ፖሊሱ ካርዱን አይቶ ሰላምታ ሰጥቶ የሚያልፈው ይመስላችኋል?

ቨርጂኒያ ለምትኖሩትም አንድ ነገር ልጨምር። እዚያም ቢሆን ከጥር 2021 ወዲህ ለመታጠቂያ ፈቃድ የሚቀርብ ሥልጠና በአካል ካልሆነ ተቀባይነት የለውም። ‹‹ኦንላይን ጨርሱ›› የሚለው ማስታወቂያ ግን እስካሁን ይዞራል።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ፤ ሰው የሚፈራውም ይህንን ነውና። ቨርጂኒያ ሽጉጥ የማስመዝገብ ልማድ ስለሌለ፣ ሜሪላንድ የገባ ሰው ‹‹መመዝገብ አለብህ›› ሲባል ይደነግጣል። እንዲህ ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሜሪላንድ ነዋሪ ለመሆን የመጣ ሰው ያሉትን ሽጉጦች ነዋሪ በሆነ በ90 ቀን ውስጥ በስቴቱ ፖሊስ ማስመዝገብ አለበት። ክፍያው 15 ዶላር ነው። የሚጠየቀው ማንነታችሁና የመሣሪያው ዓይነት፣ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ነው። ለዚህ ደላላ አያስፈልግም። ደላላው የሚያደርገው የእናንተን መረጃ ተቀብሎ ያንኑ ፎርም መሙላት ነው። እስኪ አስቡት፤ የማታውቁት ሰው ስማችሁን፣ አዲሱን አድራሻችሁን፣ የመታወቂያችሁን ፎቶና ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሽጉጥ እንዳለ በቴሌግራም ይይዛል። ለሌባ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም።

የአክስቴን ልጅ ለአንድ የአደን ጠመንጃም ተጨማሪ አስከፍለውታል። ተራ የአደን ጠመንጃ ሜሪላንድ ውስጥ በዚህ ምዝገባ ውስጥ አይገባም። የከፈለው ለሌለ ነገር ነው።

ይባስ ብሎ አንድ ጓደኛው ኤአር-15 የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አለው። ‹‹እሱም ይመዘገባል፣ 50 ዶላር ጨምር›› አሉት። አይመዘገብም! ሜሪላንድ ኤአርና ክላሽ መሰል ጠመንጃዎችን፣ ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር፣ ወደ ስቴቱ ማስገባት ከልክላለች። ክልከላውን የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 አጽንቶታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን አላይም ብሏል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ያለው ሰው ከመዛወሩ በፊት እዚያው ቨርጂኒያ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል መሸጥ ወይም ሌላ ሕጋዊ መላ መፈለግ አለበት። ደላላውን ሰምቶ ይዞ ገብቶ ‹‹መዝግቡልኝ›› ብሎ ፎርም ቢያስገባ፣ በራሱ ላይ በፊርማው መሰከረ ማለት ነው።

ወደ ሦስተኛው ነገር እንሂድ። ‹‹ወንድማችን መኪና ይዞ ይመጣል፣ ሽጉጡን ስጡት፣ እናንተ ሶፋችሁን አጓጉዙ›› ይላሉ። ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ። ያ ‹‹ወንድማችን›› የሜሪላንድ ነዋሪ ከሆነና እናንተ ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ካስረከባችሁት፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ሳታልፉ ለሌላ ስቴት ነዋሪ መሣሪያ አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ይህ ከ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃል። ሰውየው ተሰወረ እንበል፤ ሽጉጡ ነገ አንድ ቦታ ተተኩሶ ቢገኝ ተከታታይ ቁጥሩ የሚመራው ወደ ማን ነው?

የራሳችሁን መሣሪያ ራሳችሁ ይዛችሁ ግቡ። የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ ለሚጓዝ ሰው ከለላ ይሰጣል፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። የምትነሱበትም የምትደርሱበትም ቦታ መሣሪያውን መያዝ የሚፈቅድላችሁ መሆን አለበት። ጥይቱ ይወጣል። መሣሪያውም ጥይቱም እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ማለትም የመኪናው ኋላ ሻንጣ ውስጥ ይሆናል። መኪናው ሻንጣ ከሌለው በቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ታስገቡታላችሁ፤ ከፊት ያለው የወረቀት መሳቢያ አይቆጠርም። ሜሪላንድም ቢሆን ከአንዱ ቤታችሁ ወደ ሌላው ጥይቱ ወጥቶ በተዘጋ ማኅደር ማጓጓዝን ትፈቅዳለች።

ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ጋር መጫንስ? ጥይት አብዛኞቹ አይቀበሉም። መሣሪያ የሚቀበሉም ቢኖሩ አስቀድማችሁ መንገር ግዴታችሁ ነው፤ ድስትና ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆ መስጠት አይቻልም። ደግሞ የኢንሹራንሱን ነገር ልብ በሉ። ምንም ተጨማሪ ሳትከፍሉ የምታገኙት መነሻ ሽፋን በአንድ ፓውንድ 60 ሳንቲም ነው። ግሎክ ሽጉጥ ባዶውን ሁለት ፓውንድ አይሞላም። 500 ዶላር ያወጣችሁበት ሽጉጥ ቢጠፋ አንድ ዶላር ገደማ ይወረወርላችኋል፣ ሻይ እንኳ አይጠጣበትም።

ሌላ ስቴት ለምትሄዱ ባጭሩ። ካሊፎርኒያ የገባ አዲስ ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ መሣሪያዎቹን ለስቴቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝናም ይዛችሁ መግባት አትችሉም። ኢሊኖይ የመሣሪያ ባለቤትነት መታወቂያ የሚባል ካርድ አለ፣ ያለሱ ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ያስጠይቃል፤ አዲስ ነዋሪ 60 ቀን ይሰጠዋል። ኒው ዮርክ ግን ሽጉጥ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት የዚያው ስቴት ፈቃድ በእጃችሁ መኖር አለበት። ሕግ ደግሞ ስለሚቀያየር በምትሄዱበት ሰሞን የስቴቱን ፖሊስ ድረ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱ።

‹‹ማን ይፈትሻል?›› ለምትሉ ከኮሎራዶ ወደ ኒው ጀርሲ ሲዛወር የነበረን ሰው ላስታውሳችሁ። ሽጉጦቹን ኮሎራዶ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛቸው። በ2009 መኪናው ሻንጣ ውስጥ ጥይት ሳይጎርሱ ተገኙ። የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበትና ገባ። በታህሳስ 2010 የዚያን ጊዜው አገረ ገዢ ክሪስ ክሪስቲ ቅጣቱን አሳጥሮለት ወጣ። አገረ ገዢ እስኪደርስላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ እንግዲህ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ የከፋ ነገር አለበት። ይህንን ደላሎቹ ትንፍሽ አይሉም። ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ የመሣሪያ ሕግ ጥሶ ከተፈረደበት የኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። መግዛት፣ መሸጥ፣ መያዝ፣ ታጥቆ መገኘት፣ ሁሉም እዚያ አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል። ማንንም ሳይጎዳ፣ ሳይተኩስ፣ ሳያስፈራራ ማለት ነው። ለተወላጁ በገንዘብ ቅጣት ወይም በገደብ የሚያልቅ ክስ ለኛ ሰው የመባረር ጉዳይ ይሆናል። ‹‹ጥፋተኛ ነኝ በልና ቶሎ እንገላገል›› የሚል ጠበቃ ቢገጥማችሁ፣ ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትፈርሙ። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መግዛትም መያዝም በፌዴራል ሕግ አይፈቀድላችሁም። አንዱ ደላላ ‹‹ቪዛ ችግር የለውም›› ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። ይሄ ስህተት አይመስለኝም፣ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሽጉጡን ለማንም ሳያስረክብ ደርሰንበታል። ምዝገባውን ራሱ ለስቴቱ ፖሊስ አስገባ። ገንዘቡን የከፈለው በክሬዲት ካርድ ስለነበር ባንኩ ጋ ተቃውሞ አቅርቧል፤ የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የቴሌግራም ንግግሩንና የካርዱን ጀርባ አያይዟል። እናንተም ከከፈላችሁ ክፍያው የታየበት መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃወሙ። ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤቱታ ማስገባት ነጻ ነው። በዜል የላካችሁ ገንዘብ ግን ለማስመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም ለባንካችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ንግግሩን ሁሉ አሁኑኑ ፎቶ አንሱት፤ የአክስቴ ልጅ ቅሬታ ባሰማ ማግስት የሻጮቹ ቻናል ስሙን ቀይሯል፣ የድሮ መልእክቶቹም ተደምስሰዋል።