ለልጃችን የገዛነው የመንሳፈፊያ ሰደሪያ፦ ከአንድ የሙቀት ወቅት በኋላ

አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የጭቃ ወራት ናቸው፤ እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ልጆችም ከመዋኛ ገንዳ አንወጣም የሚሉበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሌላው ምክንያት ሁሉ አብልጦ የሚገድለው ውኃ ውስጥ መስጠም በመሆኑ፣ አራት ዓመት ለሞላት ልጃችን ከመጫወቻ አስቀድመን የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ገዛን። የከፈልነው 30 ዶላር ገደማ ነው።

ሰደሪያው ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ደረትንና ሁለቱን ክንዶች የሚይዝ፣ ከኋላ በዘለበት የሚቆለፍ ነው። ዘለበቱ ከኋላ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ ልጅቱ ራሷ ልትፈታው አትችልም። ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን በውስጥ በኩል የታተመው ጽሑፍ ነው፤ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ያጸደቀው መሆኑንና ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ እንደሚሆን ይገልጻል። በዚያው መደርደሪያ ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጡት በትንፋሽ የሚነፉ የክንድ ማጥለቂያዎች ይህ ማረጋገጫ የላቸውም፤ ሊተነፍሱና ከክንድ ሊያመልጡም ስለሚችሉ መጫወቻ እንጂ መከላከያ ተብለው ሊቆጠሩ አይገባም።

በልክ ረገድ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለልጅ ልብስ ስንገዛ «ያድግበታል» ማለት ልማዳችን ስለሆነ፣ 42 ፓውንድ (19 ኪሎ ግራም ያህል) ለምትመዝነው ልጄ መጀመሪያ ያመጣሁላት ከ50 ፓውንድ በላይ ለሆኑ ልጆች የተሠራውን ነበር። አልብሼ ዘለበቱን ካጠበቅሁ በኋላ ከትከሻው ይዤ ወደ ላይ ስስበው ሰደሪያው ጆሮዋ ድረስ ወጣ፤ ውኃ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እሱ ተንሳፍፎ እሷ ከሥር በሾለከች ነበር። በማግስቱ መልሼ በልኳ ቀየርኩት። ቀለሙንም እሷ ውኃ ሰማያዊ ብትፈልግም ብርቱካናማ አደረግነው፤ ሰማያዊ ነገር ገንዳ ውስጥ ከውኃው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ብብቷን እየፈገፈገ ያቀላዋል፤ ከሥሩ ስስ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ስናለብሳት ቀረ። ማሰሪያውም ሲርስ ስለሚላላ ከውኃ በወጣች ቁጥር ማጥበቅ ያስፈልጋል። ዋናው እንከን ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ሰደሪያው ልጅን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆም ዋና አያስተምርም፣ ይልቁንም «መዋኘት እችላለሁ» የሚል እምነት ያሳድርባታል።

ይህን የተረዳነው በሐምሌ መጀመሪያ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ሄደን ሆቴል ባረፍንበት ጊዜ ነው። እንደ ብዙ ሆቴሎች ሁሉ እዚያም በገንዳው ዳር የዋና ጠባቂ አልነበረም። ምሳ ልትበላ ሰደሪያውን አወለቅንላት፤ ዘመድ አዝማድ ከቦን እያወራን ሳለ እሷ ተመልሳ ሄዳ፣ ሰደሪያውን የለበሰች ይመስል፣ ወደ ውኃው ገባች። አልጮኸችም፣ አላንቦጫረቀችም። አባቷ ዞር ሲል አይቶ ባያወጣት ኖሮ ስምንት ሰው በተቀመጠበት ማንም ባልሰማ ነበር። ሁሉም ሌላው ያያታል ብሎ ሲያስብ የሚያያት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። ሰደሪያው የሚወልቀው ከገንዳው አጥር ውጭ ስትሆን፣ በሩም ተዘግቶ፣ ብቻ ነው። ልጆች ውኃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ደግሞ አንድ አዋቂ በየ15 ደቂቃው ተረኛ ይሆናል፤ ተረኛው ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ይቆማል። ትንሽ ያስቃል፤ አንድ አጎት «ዘብ ጥበቃ» ብሎ ሰይሞታል። የዋና ትምህርትም አስጀምረናታል፤ እዚያ የምትማረው ያለ ሰደሪያ ነው።

ዕቃውን ድጋሚ እገዛዋለሁ። ከክሎሪኑ በቧንቧ ውኃ አለቅልቀን በጥላ ስላደረቅነው ቀለሙ ቢደበዝዝም ዘለበቱ እስከ መስከረም አልላላም። ለታናሽ ወንድሟ ልናወርሰው አስበን ነበር፤ እሱ ግን ገና 24 ፓውንድ ስለሆነ፣ «ያድግበታል» ሳንል፣ ከ30 ፓውንድ በታች ለሆኑ ሕፃናት የተሠራውን እንገዛለታለን።