ጂቲኤክስ 1060 ከጌም ጡረታ ወጥቶ፦ በቤት ቪዲዮ ሰርቨር ስምንት ወር

ባለ 6 ጊጋባይቱ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1060 (እ.ኤ.አ. 2016) ለአዳዲስ ጌሞች ጉልበት ያንሰዋል። ኤንቬንክ የሚባለው የቪዲዮ ክፍሉ ግን አላረጀም። በጌም ኮምፒውተሩ በሌላ ካርድ ከተተካ ወዲህ በአሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ውስጥ፣ በሊኑክስ ላይ፣ የቤት ፊልሞችን ወደ ሌሎች መሣሪያዎች ለሚያሰራጨው ጄሊፊን ለተባለ ፕሮግራም ስምንት ወር አገልግሏል። ሥራው 4ኬ ፊልምን እየታየ ሳለ ለስልክና ለቆየ ቴሌቪዥን ወደሚመች መጠን መቀየር ነው።

ባለ 10 ቢት የኤችኢቪሲ ፋይልን ወደ 1080ፒ ኤች.264 ሲቀይር (ሁለቱም የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነቶች ናቸው) ፕሮሰሰሩ እፎይ ይላል፤ የኤችዲአርን (ሰፊ የብርሃንና የቀለም ክልል ያለው ቪዲዮ) ቀለም ለተራ ስክሪን ማስተካከሉንም ካርዱ ራሱ ይይዘዋል። በዚህ በኩል በጣም ረክቻለሁ። ኤቪ1 የተባለውን አዲሱን የቪዲዮ መጭመቂያ ግን ካርዱ አይፈታም። በጄሊፊን ቅንብር ውስጥ ከኤቪ1 ጎን ያለውን ምልክት አጥፉ፤ ካልጠፋ ፊልሙ ጭራሽ አይከፈትም። ከጠፋ በኋላ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ባለአራት ኮር አሮጌ ፕሮሰሰር ደግሞ 4ኬ ላይ ይቆራረጣል። ፊልሞቻችሁ በአብዛኛው ኤቪ1 ከሆኑ ይህን ካርድ ለዚህ ሥራ አታስቡት።

ዋናው ጣጣ ኤሌክትሪኩ ነው። ካርዱ 120 ዋት ይወስዳል፤ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ስሎት የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ ቀሪው በባለ 6 ፒን ገመድ ይመጣል። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ የለውም። ያኔ ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው መሰኪያ) ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን ርካሽ ገመድ እንዳትገዙ! የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 4.5 አምፒር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ ግን እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። መሰኪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሲብስም እሳት ይነሳል። ባለ 6 ፒን ገመድ ያለው ፓወር ሰፕላይ ይግባለት። አንዳንድ የቢሮ ማዘርቦርዶች ከተለመደው 24 ፒን የተለየ መሰኪያ ስላላቸው መጀመሪያ ፒኖቹን ቁጠሩ።

ከመግጠማችሁ በፊት ሙቀትን ከቺፑ ወደ ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣ ብረቱ) የሚያስተላልፈውን ቴርማል ፔስት ቀይሩ። በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በሰያፍ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ፍቱ። ሂትሲንኩ ሲነሳ የፋኑ ገመድ እንዳይበጠስ ተጠንቀቁ። አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉና የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ አድርጉ። አቧራውን በአየር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ የድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ፐርሲስተንስ ሞድ፣ ማለትም ድራይቨሩ ሁልጊዜ ተጭኖ እንዲቆይ የሚያደርገውን ቅንብር፣ ማብራት አይረሳ። ካልበራ ካርዱ ሥራ ፈትቶም ያለ አግባብ ኃይል ሊበላ ይችላል።

ድራይቨሩ በ580 ተከታታይ ላይ እንዲቆም አድርጉ። ኤንቪዲያ ለዚህ የካርድ ትውልድ የሚሠራው የመጨረሻው ተከታታይ እሱ ነው፤ ሲስተሙ በራሱ ወደ 590 ከተሻገረ ካርዱ አይታወቅም፣ ጄሊፊንም ፊልም መቀየር ያቅተዋል።

ካርዱን በጌም ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ስሎት መሰካትም ይቻላል፤ ግን የዋናውን ካርድ የአየር መግቢያ ስለሚዘጋ አልመክርም።