«ኤር በድ» ወይስ «ማይ ዶግ ስኪፕ»?

ሁለቱም የብቸኛ ልጅና የጎበዝ ውሻ ታሪክ የያዙ የአሜሪካ ፊልሞች ናቸው። ለትንንሽ ልጆች እኔ ያለማመንታት «ኤር በድ»ን (እ.ኤ.አ. 1997) አስቀድማለሁ። አባቱ የሞተበት ጆሽ አዲስ ከተማ ገብቶ ጓደኛ አጥቷል። ከክፉ ጌታው የተለየው ውሻ በዲ ግን ኳሷን በአፍንጫው እየመታ ቅርጫት ውስጥ ይከታል! ውሻው ይህን ችሎታ በእውነትም የሰለጠነ ነበር፤ የኮምፒውተር ጥበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍርድ ቤት ውስጥ ጌታውን ራሱ የሚመርጥበት ትዕይንት ደግሞ በጣም ደስ ይላል። ታሪኩ መጨረሻው ቀድሞ ይታወቃል፣ ለልጅ ግን ችግር የለውም።

«ማይ ዶግ ስኪፕ» (2000) በ1940ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። ሳቅ አለው፤ ግን የጦርነት ጠባሳና የስኪፕ እርጅናም አሉበት። በፊልም ጥበቡ ይበልጣል። ከፍ ላሉ ልጆች፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩት።